ላባ የሆኑት አገረ ገዢ

በጥንት ዘመን በቻይና ምድር ዱ ሻን የሚባሉ አንድ ወፍራም አገረ ገዢ ነበሩ። ቻይናዎች "ቺ" ስለሚሉት የሕይወት ኃይል ከአንድ መምህር ዘንድ ሦስት ወር ተማሩና፣ በሆዳቸው እየተነፈሱ ሰውነታቸውን እንደ ላባ ማቅለል እንደቻሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ያወሩ ጀመር። በነዚያው ሦስት ወራት ቀበቷቸው ሁለቴ መቀጠሉን ደፍሮ ያነሣ አልነበረም።

አንድ ቀን ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ለመውጣት ተነሡ። እንደ ወትሯቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወንበሩን አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አስቆሟቸውና አጃቢዎቻቸው እየሰሙ ከፊት ያለውን ተሸካሚ ጠየቁት፤

"እስቲ ንገረኝ፣ ዛሬ እንዴት ነኝ? ከባድ ነዎት ካልከኝ ትምህርቴን ንቀሃልና ትገረፋለህ። ላባ ሆነዋል ካልከኝ ደግሞ ለላባ አራት ሰው ምን ይሠራል? ሁለቱን እዚሁ አሰናብቼ ሁለታችሁ ታወጡኛላችሁ።"

ተሸካሚው ላቡን ጠረገ።

"ላባማ ሆነዋል፣ ጌታዬ። ከሆኑም ሰንብተዋል። አሁንም የምንሸከምዎ ሁለታችን ብቻ ነን። ሌሎቹ ሁለቱ ነፋስ እንዳይወስድብን ወደ ታች ይዘውዎት ነው የሚሄዱት።"

አጃቢዎቹ መሬት መሬት አዩ። ገዢው አራቱም እንዲቀጥሉ አዘዙ።

ገደሉ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርሱ ነፋስ ሽው አለ። ገዢው የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።