ተቀመጡ የማይለው ጉማሬና ሦስቱ የውሃ በሮች

ተረቴ መጣ፤ ብድግ በሉና «ኖር!» በሉት። እሱም «በግዜር» ብሏችኋል፤ እንግዲህ ተቀመጡና ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም እንጨቱም ብረቱም አፍ በነበረው ዘመን፣ ከሐይቅ ተነስቶ ኮረብታ የሚወጣ ቦይ ነበረ። ውሃ ኮረብታ አይወጣም የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሄኛው ይወጣ ነበር፤ እንደ ሽማግሌ በደረጃ፣ እያረፈ። በደረጃው ላይ ሦስት የብረት በሮች ተቀምጠዋል። ጀልባ ሲመጣ በሩ «ኖር!» ብሎ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ጀልባው ያልፍና የጫነው እንግዳ «በግዜር» ይላል። በሩ ይቀመጣል። ከዚያ ከፊት ያለው በር ሆዱ ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ውሃ ይለቅቃል፤ ውሃው በኋላ በኩል መሸሻ ስለሌለው ይሞላል፣ ጀልባውንም ተሸክሞ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ የኋላው ሳይቀመጥ የፊተኛው አይነሳም።

በቦዩ ጫፍ አሮጌ የስኳር ፋብሪካ አለ። ጥንት ሸንኮራው በጀልባ ይወጣ፣ ስኳሩ በጀልባ ይወርድ ነበር። ከነዚያ ጀልባዎች የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟ እመት ሸንቃጤ ይባላል። ቁመቷ እንደ ስብከት የረዘመ፣ ወገቧ እንደ ጾም እራት የቀጠነ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሐይቁ ዳር ተደፍታ የቆቅ ማደሪያ ሆና ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በንጉሡ በአያ አንበሶ ሸንጎ ስለ እሷ ክርክር ተነሳ። ግማሹ «ቅርስ ናት!» አለ። ግማሹ «ማገዶ ናት!» አለ። ንጉሡም ማንንም ላለማስቀየም እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግዳ ጭና ፋብሪካው ከደረሰች ቅርስ ናት፤ ካልደረሰች ማገዶ ናት።» ፍርዱ እንዳይዘገይም የቤተ መንግሥቱ መጥረቢያ አብሯት እንዲሳፈር አዘዘ።

መጥረቢያው አፍንጫዋ ላይ በጀርባው ተንጋለለና «አይዞሽ እመት ሸንቃጤ» አላት፤ «እኔ የማሳምመው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።»

እንግዳው ፊታውራሪ ጉማሬ ነበሩ። ጉማሬ ዋና እያወቀ በጀልባ መሄዱ ምን ይባላል? ትሉ ይሆናል። ሹም በገዛ እግሩ አይዋኝም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለሳቸው ቅርስ አስጎብኚ ጦጢት ተመደበች። ጎታቹ ደግሞ አህያው ጫንያለው ነው፤ ገመዱን አንገቱ ላይ አጥልቆ በቦዩ ዳር ይሄዳል።

እመት ሸንቃጤ ገና ውሃ ሲነካት ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተንጣጣች። እልል ማለት ነበር የቀራት።

«ሳብ ጫንያለው! ሳብ አንተ!»

«እየሳብኩ ነው እመት! ባይሆን ፊታውራሪን ወደ መሃል በያቸው፣ በአንድ ጎንሽ እኮ ነው የምትሄጂው!»

ሄዱ። በሸክላው ድልድይ ሥር አለፉ፣ ድልድዩ ድምፃቸውን ተቀብሎ መለሰላቸው። ጣሪያው በወረደ መጋዘን አጠገብ አለፉ፣ ርግቦች ቱር ብለው ወጡ። እመት ሸንቃጤ በየመታጠፊያው ትጮኻለች፦ «እዚህ ጋ ነው የሸንኮራ እስር የወደቀብኝ! እዚያ ጋ ነው ከስሜ ጋር የተጣላሁት፣ ሰፋ ብዬ ላልፍ ስል!»

ጦጢትም በስተቀኝ የቆመ የዛገ ክሬን ስታይ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ፣ ይህ ጥንታውያን ደመና እያወረዱ የሚያጥቡበት ነበር!»

«ኧረ እኔ ጆንያ ነበር የማነሳው» አለ ክሬኑ።

«ዝም በል፤ ቅርስ አይናገርም» አለችው።

«ድንቅ ነው!» አሉ ፊታውራሪ።

እንዲህ ሲሉ ከመጀመሪያው በር ደረሱ። በሩ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። አለፉ። አሁን እንግዳው አንዲት ቃል መናገር አለበት። ፊታውራሪ ጉማሬ ግን አንገታቸውን ቀና፣ ሆዳቸውን ነፋ አደረጉና ዝም አሉ። የተነሳለትን ወዲያው ተቀመጥ ካለው፣ መነሳቱን ማን ያይለታል? በሩ ቆሞ ቀረ።

ሁለተኛው በር ይህን አየ። «ታናሼ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ነውር አይደለም?» አለና «ኖር!» ብሎ ተነሳ። ሦስተኛው፣ ትልቁ በር፣ ጉልበቱን ዝገት ይዞታል፤ እሱም «ኖር!» እያለ እያቃሰተ እስከ ግማሽ ተነሳ።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! የላይኛው ውሃ የታችኛውን፣ የታችኛው ሐይቁን ናፈቀና ጠቅልሎ ወረደ። እመት ሸንቃጤ እንደ እንዝርት ዞረች። ጫንያለው አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ገመዱን ያዘ። ጦጢት የፊታውራሪ ራስ ላይ ወጣች። ከዚያ ውሃው አለቀና ዷ! ጭቃ ላይ ቁጭ።

መጥረቢያው ፀሐይዋን አየ። ኮረብታውን ልትነካ ጥቂት ቀርቷታል። ስለቱን በእመት ሸንቃጤ ጎን ላይ ፈጨት ፈጨት አደረገ።

ጫንያለው ከዳር ሆኖ ጮኸ፦ «በግዜር! በግዜር! ተቀመጡ!»

«አንተን ማን ተነሳልህ?» አሉት በሮቹ። «የተነሳነው ለፊታውራሪ ነው።»

ጦጢት ወደ ፊታውራሪ ጆሮ ጎንበስ አለች፦ «ጌታዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል ብቻ። በግዜር ይበሏቸው።»

«ይቁሙ» አሉ ፊታውራሪ። «መቆም ማንን ገደለ? እኔን ያየ ሁሉ ቆሞ ነው ያረጀው።»

እመት ሸንቃጤ አሰበች። ሰውዬው ሲቆሙላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሲቆሙባቸውስ? እያሰበች ስለቱ ጎኗን ቀዘቀዛት። ወደ መጥረቢያው ዞረች።

«አያ መጥረቢያ፣ አንድ ነገር ብጠይቅህ ትቆጣለህ?»

«ጠይቂ። የሟች አፍ አይከለከልም።»

«አንተ መቼም የቤተ መንግሥት ልጅ ነህ።»

«ነኝ እንጂ!»

«ታዲያ የቦይ በር እንኳ፣ ያውም ጉልበቱን ያመመው፣ ለፊታውራሪ ተነስቷል። አንተ በጀርባህ ተንጋለሃል። ነገ አገር ‘የንጉሡ መጥረቢያ አሳዳጊ የበደለው ነው’ ቢል ደስ ይልሃል?»

መጥረቢያው እስከ እጀታው ድረስ አፈረ። «ኖር!» ብሎ እመር አለ። ስለቱም ልክ ከፊታውራሪ ግንባር በላይ፣ አንድ ዝንብ በማታሳልፍ ክፍተት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በግዜር!» ብለው አገሱ ፊታውራሪ። «በግዜር! ተቀመጥ! ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ! ዛሬ የቆመ አልይ!»

ጓ! አንደኛው ተቀመጠ። ጓ! ሁለተኛው ተቀመጠ። ሦስተኛው እያቃሰተ ተቀመጠ፤ መጥረቢያውም በጨዋ ደንብ ጋደም አለ። ሦስተኛው በር ሲነሳ ግማሽ ላይ ስለቀረ፣ ከበላዩ ያለው ውሃ ገና አላለቀም ነበር። ዝገትም አንዳንዴ ይጠቅማል። እሱ በሆዱ መስኮት ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለእመት ሸንቃጤ ውሃ አቀበሉ። ጭቃው ለቀቃት። ተነሳች!

«ሳብ ጫንያለው! ፀሐይዋ ኮረብታውን ነካች!»

ሁለተኛው በር «ኖር!» አለ። መጥረቢያውም ብድግ ሊል ሲል፣ «በግዜር!» አሉ ፊታውራሪ። በሩ ተቀመጠ፣ ውሃው ሞላ። ሦስተኛው በር ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ገና ከሩቁ «በግዜር! በግዜር!» ይሉ ጀመር።

«ኧረ ይቆዩኝ፤ ገና መች ተነሳሁ?» አለ በሩ፣ ጉልበቱን እያሸ።

ተነሳ። አለፉ። ተቀመጠ። ጫንያለው ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ፤ ከፀሐይዋ የጣት ጥፍር የምታህል ስትቀር እመት ሸንቃጤ በአፍንጫዋ የፋብሪካውን የድንጋይ ጠርዝ መታች።

«ደረስኩ! ደረስኩ!»

ጫንያለው አናፋ፣ ጦጢት ዘለለች። ያን ጊዜ ከበላያቸው እንደ ጉድጓድ የጠለቀ ድምፅ ወረደ፦ «ኖ...ር!»

የፋብሪካው የሸክላ ጭስ ማውጫ ነው። ደመና የሚነካ የሚመስል፣ ጥቁር፣ አዘንብሎ የቆመ።

«የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ተነስቼ እንደ ቆምኩ ነኝ» አለ። «ተቀመጥ ያለኝ የለም። ወገቤ ዛለ።»

ፊታውራሪ ጉማሬ አዲስ የለመዱት ጨዋነት ነውና ልባቸው ራራ። አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። «በግ...»

እመት ሸንቃጤ ቀና ብላ ያን ሁሉ ሸክላ አየች። ይህ የተቀመጠ እንደሆነ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው፤ ቅርስ ተብሎ የሚጎበኝም አይቀርም።

«ጦጢት! አፋቸውን!»

ጦጢት ከቦዩ ዳር ጫካ ሆኖ የበቀለውን ሸንኮራ በእቅፏ ነቅላ ወደ አፋቸው ወረወረች። ፊታውራሪ አፋቸውን ገጠሙ። አኘኩ። ጣፈጣቸው። ሊሉት የነበረውንም ረሱት። ጭስ ማውጫው ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ዝም ማለታቸው ለአገር የጠቀመው በዚያች ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ፀሐይዋ ጠለቀች። መጥረቢያው ከተኛበት ቀስ ብሎ ተነሳ። እመት ሸንቃጤ ሳንቃዎቿ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ስለቱም ከፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ኖር!» አላት።

ለእሷ ተነስቶላት የሚያውቅ አልነበረም። ትንሽ ይቁምልኝ ብላ ልትመኝ ዳዳች፤ ግን ጭቃው ትዝ አላት።

«በግዜር፣ ልጄ» አለችው። «ተቀመጥ።»

የተነሱለት ተቀመጡ ካላለ፣ ውሃው ይሸሻል፣ እሱ ይቀመጣል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን እንደ ፊታውራሪ በሸንኮራ ዝጉ።