ዝንጀሮ የማይደፍረው ማሳ

ስሟን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «የአያቴ አገር ናት» ብላችሁ ስለምትነሱብኝ፣ ከተማዋን ሳልጠራ ልለፋት። የቆየች ከተማ ናት። መስጂዷ የድንጋይ፣ ገበያዋ የማክሰኞ፣ ከኋላዋ ደግሞ ዝንጀሮ የሚያድርበት ረጅም ገደል አላት። ከገደሉ ሥር ማሽላ ይዘራል። ማሽላ ባለበት ዝንጀሮ አይጠፋም፤ ዝንጀሮ ባለበትም ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከንጋት እስከ መግሪብ ሲጮህ የሚውል ገበሬ አለ።

በከተማዋ ዳር ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ጠዋት ተማሪዎችን ኪታብ ያቀራሉ፣ ከዚያ በኋላ እርሻቸው ላይ ይውላሉ። የሰው እጅ አይተው አያውቁም። አገሬው የሚያከብራቸው በዕውቀታቸው ብቻ ነው ብል ግን ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ሌላም ነገር ነበር። የሌላው ሰው ማሽላ በየዓመቱ ሲበላ የእሳቸውን ማሳ ዝንጀሮ አይደፍረውም። «የዱዓቸው በረከት ነው» ይባላል። ከማሳቸው አፈር ዘግነው በራሳቸው እርሻ ላይ የሚበትኑ ሴቶች እንኳን ነበሩ።

ሸሁ መከታ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ጥጃ የሚያክል፣ አንድ ጆሮውን ነብር የቦጨቀው፣ ከማማው ሥር የማይጠፋ ውሻ ነው። ስለ በረከቱ ሲወራ መከታን የሚያነሳ አልነበረም። ሸሁም «ኧረ ውሻው ነው» ብለው አላረሙም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ።

አንድ ዓመት ቆላው በድርቅ ሲመታ ይማም የሚባል ሰው ሚስቱን መዲናንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ከሸሁ ማሳ ወዲያ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ብዙ ዘመን ጦም ያደረ መሬት ነበር። ባለመሬቱ «ዝራበት። አዝመራ ካየህበት ትቀመጣለህ፤ ካላየህበት ወደ መጣህበት ትመለሳለህ» ብሎ ሰጠው። ይማም ጎጆ ቀለሰ፣ ማሽላም ዘራ። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ግን ዝንጀሮው ወረደበት። ሰውየው ከማማው መውረድ አልቻለም። ለዙሁርና ለዐስር ሶላት መስጂድ መታየቱ ቀረ።

ሰው ደግሞ የራሱ እያረረበት የሌላውን ማማሰል ይወዳል። «ጀማዓ የሚያጓድልን ሰው ዝንጀሮ ቢበላው ምን ይገርማል!» ተባለ። ይህን አብዝተው የሚሉት ሐጂ በያን ነበሩ፤ የከተማዋ ትልቅ ነጋዴ፣ መስጂድ ውስጥ መጀመሪያው ሶፍ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ቦታቸውን የማያስነኩ ሰው። «ሸህ ሙዘይን፣ ጎረቤትዎ ነው። ይምከሩት እንጂ» አሏቸው። ሸሁ በልባቸው አፈሩ። ይማም ከመጣ አራት ወር አልፎታል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን ደጁን አልረገጡም።

ከዙሁር በፊት መከታን ማማው ሥር ትተው ሸለቆውን ተሻገሩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የቤቱ ሰዎች።»

ይማም ከማማው ዘሎ ወረደ። ድምፁ በጩኸት ብዛት ተዘግቷል። መዲና ሰሌን አነጠፈች፣ የተቆላ ሽንብራም አቀረበች።

«እኛ ነበርን መምጣት የነበረብን፤ አፉ ይበሉን ሸሁየ» አለ ይማም።

«እንግዳን መጠየቅ የባላገሩ ፋንታ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሸሁ። «ግን ልጄ፣ ጀማዓ ላይ አናይህም።»

ይማም አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው። መዲናን እንዳላቆማት ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። እዚሁ ማማው ሥር እሰግዳለሁ። ለሩኩዕ ሳጎነብስ ይገባሉ፤ ጨርሼ ሳሰላምት ግማሽ ትልም የለም። ወላሂ ቀልቤ ሶላቴ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። ዛሬ አንቱ ስላሉ አንዲት ዙሁር ተረጋግቼ ልስገድ፤ ይጠብቁልኛል?»

«ስገድ» አሉት ሸሁ፤ ወንጭፉንም ተቀበሉት።

ይማም «አላሁ አክበር» ሲል ሸሁ ማማው ላይ ነበሩ። ወዲያው ከማዶ የመከታ ጩኸት ተሰማ። ሸሁ የገዛ ማሳቸውን ከዚህ ወገን ሆነው አይተውት አያውቁም። መንጋው ከገደሉ ወርዶ ማሽላቸው ውስጥ ሊገባ ሲል ውሻው ተወረወረበት፤ ዝንጀሮዎቹም ዞሩ። እስከዚህ ያለውን በየቀኑ ያዩታል። ዝንጀሮዎቹ ዞረው በማሳቸውና በሸለቆው መካከል ያለው የወይራ ጫካ ውስጥ ይገባሉ፣ ሸሁም «ወደ ገደላቸው ተመለሱ» ብለው ያመሰግናሉ። አሁን ግን የቆሙት ከጫካው በዚህ በኩል ነው። መንጋው ወደ ገደሉ አልተመለሰም። በወይራው ሥር አልፎ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ግልገሎቹን እንዳዘለ በቀጥታ ወደ ይማም ማሽላ መጣ። ሸሁ ጮኹ፣ ወነጨፉ። የሰባ ዓመት ክንድ ግን ምን ያህል ይወረውራል? ይማም ሱጁድ ላይ ተደፍቶ ሳለ አገዳው ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰበር ነበር።

ይማም አሰላምቶ ሲነሳ አልተቆጣም። «አብሽሩ ሸሁየ፣ የለመድነው ነው» አላቸው። «ብቻ አንድ ነገር ልለምንዎት። ዱዓ ያድርጉልን። የእርስዎን ማሳ እኮ አይደፍሩትም።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፣ ወገኖቼ። ሰውየው ምንም አያውቅም። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አድርገው ቢሄዱ ማሽላቸውም ክብራቸውም ባለበት ይቆይላቸዋል። ነፍሲያም ይህንኑ ሹክ ብላቸው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

«እኔን የሚጠብቀኝ ዱዓ አይደለም፤ ውሻዬ ነው» አሉ። «ውሻዬ ደግሞ ባንተ ላይ ነው የሚነዳቸው። አሁን በዓይኔ አየሁ። አፉ በለኝ።»

በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ቆመው ነገሩን ለጀማዓው ደገሙት። «ከማሳዬ አፈር ለዘገናችሁ ሁሉ፦ እኔ ከራማ የለኝም፤ ያለኝ ውሻ ነው» አሉ። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ሐጂ በያን ግን አልሳቁም።

«ሸህ፣ ዝንጀሮ ባለቤት የለውም» አሉ። «ከማሳው ያባረረ ሰው ጥፋት የለበትም። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«ፈትዋ ብትጠይቁኝ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ» ብለው መለሱ ሸሁ። «ነገር ግን ቂያማ ቀን ጎረቤቴ ፊት ቆሜ ይህን መልስ ለመስጠት ድፍረቱ የለኝም።»

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ መከታን በገመድ ይዘው ሸለቆውን ተሻገሩ። መዲና ውሻውን ስታይ ደነገጠች። «ሸሁየ፣ ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ይባል የለ?»

«ቤት አታስገቢው። ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ተፈቅዷል። ዕቃሽን እንዳይልስ ብቻ ተጠንቀቂ» አሏት። መከታ አብሯቸው ሊመለስ ገመዱን ሲጎትት ሸሁ ዞረው አላዩትም። እንባቸው እንዳይመጣ ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ዝንጀሮው ወዲያው ወደ ሸሁ ማሳ ዞረ። ሸሁ ከንጋት እስከ መግሪብ ማማ ላይ ዋሉ፣ ድምፃቸውም ተዘጋ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከማሽላቸው ግማሹ ሄደ። «ውሻዎን ያስመልሱ» ያላቸውን ሁሉ «አላስመልስም» አሉ። አሁን ዙሁር ላይ የማይታዩት እሳቸው ሆኑ፤ ይማም ደግሞ መጀመሪያው ሶፍ ላይ ይቆም ጀመር።

አንድ ቀን ሐጂ በያን መጥተው የተቆራረጠውን አገዳ አዩ። «ይህ ሁሉ ለአንድ መጤ ነው? እሱ እንደሆነ ለምዶታል፣ ይችለዋል» አሉ።

ሸሁ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ይማም ከመስጂድ መልስ መከታን ይዞ ከሸለቆው ወጣ።

«ሸሁየ፣ ይውረዱ፤ ቀሪው ቀን የኔ ነው» አለ። «መከታን ከሁለታችን ማሳ በላይ፣ ከገደሉ መውረጃ ላይ እንሰረው። መውረጃቸው አንድ ነው። እኔና አንቱ በተራ እንጠብቅ፣ በተራ ጀማዓ እንሂድ።»

«ከዚያ ሲባረሩስ ወዴት ይሄዳሉ?» አሉ ሸሁ።

«ወጥቼ አየሁ። ከገደሉ አናት ሣርና ሥራሥር ነው፤ የዘራበት ሰው የለም።»

ሸሁ ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። ከማማው ወርደው፣ ወንጭፉን ለይማም ሰጥተው፣ ወደ ሐጂ በያን ዞሩ።

«ሐጂ፣ ዘመኔን ሁሉ ከማማዬ ሆኜ የማየው የዝንጀሮዎቹን ጀርባ ነበር። ፊታቸውን ያየሁት ከጎረቤቴ ደጅ ነው።»

ይማም አዝመራውን አስገባ፤ በዚያችም አገር ቀረ። ሸሁ የዚያን ዓመት ያስገቡት ግማሹን ብቻ ነበር።

ስለዚያ የሸሁ ንግግር ብዙ አስቤአለሁ። መከራ ከደጃችን ሲዞር «አልሐምዱሊላህ» እንላለን፤ ማለትም ይገባናል። ወዴት እንደዞረ ግን አንጠይቅም። ጎረቤታችን ሲደክምና ከመስጂድ ሲቀር ደግሞ ልንመክረው እንነሳለን። ሸህ ሙዘይንም ለምክር ነበር የሄዱት። ደግነቱ ሄዱ፤ ባይሄዱ ኖሮ ባለ ከራማ ተብለው ይሞቱ ነበር።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወጥቼ የቤቴን አሸንዳ አየሁ። የክረምቱን ውሃ ከግቢዬ አስወጥቶ የሚያፈሰው ባለፈው ዓመት አጠገቤ በገቡት ሰዎች ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ረጥቦ ሻግቷል። ስማቸውን እንኳን አላውቅም። አሁን ተነስቼ በራቸውን ላንኳኳ ነው።