በኹጥባ መካከል የተነሱት ሐጂ ጡሃ

የከተማዋን ስም ልለፈው። መስጂዷ ከገበያዋ የሚበልጥ፣ አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ጡሃ አበጋዝ የሚባሉ ገመድ ሻጭ ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ሐጂ ጡሃ አንድ አመል ነበራቸው። የተጠየቁትን ሁሉ ይመልሳሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። ገዢ መጥቶ ገመዱን እየጎተተ፣ "ሐጂ፣ ይኼ ይበጠሳል?" ሲላቸው፣ "ይበጠሳል" ይሉታል።

"ታዲያ ለምን ይሸጡታል?"

"ገመድ ነዋ! የማይበጠስ ገመድ የት አይተሃል? ይኼኛው ክረምቱን ያወጣልሃል። ያ ወዲያኛው አያወጣም፤ እሱን ተወው።"

ሰላምታም ላይ እንዲሁ ናቸው። "እንዴት አደሩ?" ላላቸው ሰው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፤ ትንሽ ያስባሉ፤ ከዚያ የግራ ጉልበታቸውን፣ ሳላቸውን፣ ከእህታቸው ጋር የተቀያየሙበትን ነገር አንድ በአንድ ያስረዳሉ። ጠይቆ መሄድ የለም። የቸኮለ ሰው በሌላ መንገድ ይዞር ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሩቅ አገር ኪታብ ስቀራ፣ ሃይማኖት ስማር ቆይቼ የመጣሁ፣ ዘመድ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልናገርም። ቀን ገበያ ውስጥ ጆንያ እሸከማለሁ፤ ጆንያ ከሌለ አልበላም። የምኖረው ከሐጂ ጡሃ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ በሚጋራ ጓዳ ውስጥ ነበር። አለመብላቴን ማንም እንዲያውቅ አልፈልግም። ስለዚህ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ተሰግዶ የማታው ዒሻ እስኪደርስ እሳት አነዳለሁ፤ ድስት ሙሉ ውሃ እጥዳለሁ፤ ማንኪያውን ከድስቱ ጋር አጋጫለሁ። በመጨረሻም ግድግዳው እንዲሰማ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። አንዳንድ ቀን አገሳለሁ።

በዚያ ዓመት፣ በየዓርቡ የጁምዓ ሶላት ላይ ኹጥባውን፣ ስብከቱን፣ የሚያሰሙት የመስጂዱ ኸጢብ አረፉ። የኸጢብነቱ ቦታ አንዲት ክፍልና ለመስጂዱ ከተሰጠ የወቅፍ እርሻ የሚገኝ የዓመት እህል ነበረው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰው በሦስት ጁምዓ ሊፈትኑ ወሰኑ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ቦታውን ካጣሁ የምመለሰው ወደ ጆንያው ነው፤ ወገቤ ግን ሌላ ዓመት እንደማይሸከም አውቄው ነበር።

የፈተናው መለኪያ ልኳንዳ ነጋዴው ሙሄ ነበር። ሙሄ ጁምዓ ዕለት ማልዶ ሲያርድ ይቆይና፣ መስጂድ ገብቶ ሦስተኛውን ምሰሶ ይደገፋል፤ ኸጢቡ የመክፈቻውን ምስጋና፣ ሐምዱን፣ ሳይጨርስ ይተኛል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሸህ አራጋው፣ "ሙሄን ነቅቶ ያቆየ፣ እሱ ኸጢባችን ነው" ብለው ነበር። የመጀመሪያው ተፈታኝ ከስብከቱ መድረክ፣ ከሚንበሩ፣ ላይ ሆኖ አለቀሰ፤ ሙሄ ተኛ። ሁለተኛው ጀሀነምን እየጠራ የሚንበሩን እንጨት በጡጫ መታው፤ ሙሄ ጎኑን ቀየረ።

እኔ ዘዴ ነበረኝ። ከትልቅ ከተማ የመጣ አንድ ዳዒ፣ ሰባኪ፣ ሲናገር ሰምቼ፣ ሰውን እንዲያ የሚይዝበትን ምስጢር ጠይቄው ነበር። "መግቢያህ ጥያቄ ይሁን" አለኝ። "የሚያስደነግጥ ጥያቄ። ከዚያ ዝም በል። በሆድህ እስከ ሰባት ቁጠር። ማንም አይመልስልህም። የሰው ልብ ሲሰቀል ያን ጊዜ አንተው መልሰው።"

ማንም እንደማይመልስ እኔም አልተጠራጠርኩም። በኹጥባ ሰዓት መናገር ክልክል ነው። አጠገብህ የሚያወራውን "ዝም በል" ማለት እንኳ አይፈቀድም። ኸጢቡ የጠየቀው ሰው ግን ለኸጢቡ ሊመልስ ይችላል። ይህንን ኪታብ ላይ ቀርቼዋለሁ። ያን ዕለት አልታወሰኝም።

ሚንበር ላይ ወጣሁ። ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ሐምዱንና በነቢዩ ላይ የሚወርደውን ሶለዋት አደረስኩ። ሙሄ ምሰሶውን ተደገፈ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ፦

"እናንተ ሙእሚኖች! ትናንት ጎረቤቱ እየተራበ እሱ ጠግቦ የተኛ ከመካከላችሁ አለ?"

ዝም አልኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ላይ ሐጂ ጡሃ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ።

"አለ" አሉ። "እኔ ነኝ።"

ቀሪውን ቁጥር ረሳሁት።

ሸህ አራጋው ከፊተኛው ረድፍ፣ ከመጀመሪያው ሶፍ፣ ዞሩ። በከተማይቱ እንደ እሳቸው የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን መናገር አይችሉም። በቅንድባቸው "ይቀመጡ" አሉ። በሁለት እጃቸው ዶሮ እንደሚያባርር ሰው አራገቡ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ሐጂ ጡሃ አዩዋቸውና በትሕትና ወደ እኔ ዞሩ። የጠየቅኳቸው እኔ ነበርኩ።

ለማምለጥ ሞከርኩ። "አላህ ይማርዎት ሐጂ። ግን ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?" አልኩ። ይኼም ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"የሌላውን አላውቅም" አሉ ሐጂ ጡሃ። "የኔን ልንገርህ። ትናንት እራት ገንፎ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። ጎረቤቴ ከግድግዳው ወዲያ ማንኪያ ያጋጫል። የውሃ ድስት ድምፅ ነው፤ ምግብ ያለበት ድስት እንዲያ አይጮህም። ሁለተኛ ማታው ነው። አወቅኩ። ግን 'አልሐምዱሊላህ' ሲል ሰማሁና 'በቃ፣ በልቷል' አልኩ። ሲያገሳማ ደስ አለኝ። ለምን ብትለኝ፣ መነሳት ታክቶኝ ነው። ገንፎውም ጣፍጦኝ ነበር።"

ቀና ስል ሙሄ ነቅቷል። መንቃት ብቻ አይደለም፤ ምሰሶውን ትቶ በጉልበቱ ቆሞ አንገቱን አስግጓል።

የተሰበሰበው ጀመዓ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ያየኝ ነበር። ተናጋሪ ሁሉ የሚመኘው ጸጥታ ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ጡሃ የጎረቤታቸውን ስም አልተናገሩም፤ ስላልጠየቅኳቸው ነው። ቆመው ይጠብቃሉ። "ይቀመጡ" ብዬ፣ ጎረቤቱ እየተራበ ጠግቦ ያደረ ሙእሚን አይደለም ወደሚለው ወዳዘጋጀሁት የነቢዩ ሐዲስ ብቀጥል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሙሄ ነቅቷል፤ ቦታውም የእኔ ነው። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻቸውን ጥፋተኛ ሆነው ይቀራሉ። የድስቱን ውሸት የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ጎረቤታቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "ድስቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው። ሐጂን ያታለልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አልተታለልኩም" አሉ ሐጂ ጡሃ። "አወቅኩ ነው ያልኩህ።"

"ይቀመጡ ሐጂ።"

ተቀመጡ። ሐዲሱን ተናገርኩ፤ ሁለተኛውንም የኹጥባ ክፍል በአጭር ዱዓ ጨርሼ ወረድኩ። በዚያች ከተማ እንዲያ ያጠረ ኹጥባ አልተሰማም ነበር።

ሶላቱ እንዳበቃ የሸህ አራጋው አንደበት ተፈታ። ግቢው ውስጥ ሐጂ ጡሃን ያዟቸው።

"ሐጂ! ይኼ ኹጥባ ነው ወይስ ሸንጎ? ኸጢብ ሲናገር መልስ የሚሰጠው የት አገር ነው?"

"ጠየቀኛ!"

"እርስዎን ነው የጠየቀው? ጀመዓውን ነው እንጂ!"

"እኔ ጀመዓው ውስጥ የለሁበትም?"

ሙሄ መሐል ገባ። "ሸህ፣ እኔ እኮ አልተኛሁም። ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሰግድ ኹጥባ ሲያልቅ ያየሁት ዛሬ ነው።"

"አንተ ዝም በል!"

"አሁንማ መናገር ይፈቀዳል" አለ ሙሄ።

ሸህ አራጋው ተንፈስ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "እሺ ሐጂ። ጎረቤቱ ነዎት። ይኼ ልጅ ለቦታው ይሆናል ወይስ አይሆንም?" አሉ።

እዚያው ቆሜ ነበር። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ያዝንልኝና አጋንኖ ያመሰግነኝ ነበር። ሐጂ ጡሃ አሰቡ።

"ድምፁ ደህና ነው" አሉ። "ዐረብኛው ይደነቃቀፋል። ኩራት አለበት። ሁለት ማታ በማንኪያ ሲዋሽ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ማምለጥ እየቻለ አላመለጠም። ይሆናል። ዐረብኛውን ግን ይጨምርበት።"

በዚህ ምስክርነት ኸጢብ ሆንኩ። ከዚያ የተሻለ ምስጋና በሕይወቴ አላገኘሁም።

ከግቢው ስንወጣ ሐጂ ጡሃ ክንዴን ያዙ። "ና፣ ምሳ" አሉኝ።

"ጠግቤያለሁ ሐጂ" አልኩ። ከልማድ ነው የወጣኝ።

"ጠየቅኩህ እንዴ? ብጠይቅህ ትዋሻለህ። ስለዚህ አልጠየቅኩህም። ና ነው ያልኩህ።"

ሄድኩ። በላሁ። ምን ያህል እንደበላሁ አልናገርም፤ ባለቤታቸው ሦስት ጊዜ እንደጨመሩልኝ ግን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሐጂ ማን እንደጠየቃቸው እንጃ።

እጃችንን ስንታጠብ፣ "ሐጂ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላፈሩም?" አልኳቸው።

"አፈርኩ እንጂ! እስካሁን ላቤ አልደረቀም።" ውሃውን ከእጃቸው አራገፉ። "ልጄ፣ ያስነሳኝ ጥያቄህ አይደለም። መልስ የምትጠብቅ መስሎኝ ነው የተነሳሁት። ከእንግዲህ ስትጠይቅ የእውነት ጠብቅ።"

ይህ ቃል ስለ ንግግር አጀማመር የተሰጠ ምክር ይመስላል። ነውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሚንበር ላይ ቆሜያለሁ፤ ብዙ ያማረ መግቢያም ሰምቻለሁ። ሰውን ቀና ማድረግ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው፣ ሰው የጠየቅከውን አምኖ ቀና ሲል አንተም እዚያው መገኘት ነው። ጥያቄው ዞሮ ራስህ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይብሳል።

ሁላችንም የምንጠየቅበት ቀን አለ። ዕድሜያችንን በምን እንደጨረስን፣ ያገኘነውን በምን እንዳዋልን እንጠየቃለን። ያ ጥያቄ ንግግር ለማሳመር የሚቀርብ አይደለም። ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል፤ ቢሆንም ይጠይቀናል። ሐጂ ጡሃ ለዚያ ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለማመዱ የኖሩ ይመስለኛል። እኔ የጀመርኩት ያን ጁምዓ ነው፤ ገና አልለመድኩትም።