ቁርጥ ሳማ የምትመስለው አበባ

ተረት ተረት፤ የሚያደምጥ ይምጣ፣ የሚያንቀላፋ ይውጣ።

ጫካ ውስጥ ቁርጥ ሳማ የምትመስል አንዲት አበባ ነበረች። ቅጠሏም ጠጉሯም የሳማ ነው። መለብለብ ግን አታውቅም፤ መዋሸትም አይሆንላትም።

አንድ ቀን ቆቅ ጫጩቶቿን እየነዳች፣ እያለከለከች መጣች።

«እትዬ አበባ፣ ቀበሮ መጣብኝ። ልጆቼን ከሥርሽ ልሸሽጋቸው። ሲጠይቅሽ ሳማ ነኝ በይልኝ፣ በሞቴ።»

«መሸሸጉንስ ሸሽጊያቸው፤ ውሸቱን ግን አልችልበትም» አለቻት።

ሌላ ለመለመን ጊዜም የለ፤ ቀበሮ ደረሰ። ቆቅ ጫጩቶቿን ከአበባዋ ሥር ሸሽጋ፣ ራሷ ዘላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ቀበሮ ብልጥ ነኝ ባይ ነውና አፍንጫውን ሳያስጠጋ፣ «ሳማ ነሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ አይደለሁም ጌታው። መልኬ ነው እንጂ አልለበልብም። ይጠጉ፣ አፍንጫዎን ያስገቡ።»

ቆቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔን ነው የምታሞኚው?» አለ ቀበሮ ወደ ኋላው እያፈገፈገ። «ግቡ ብሎ የሚጋብዝ ሳማማ የሳማ ሁሉ አለቃ ነው።» ይህን ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጫጩቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። አበባዋም ስትስቅ ቅጠሏ ጎናቸውን እየኮረኮረ ጭራሽ አባሰባቸው። እናታቸው ቆቅ ግን ልትወስዳቸው ስትጠጋ ክንፏን ጥብቅ አድርጋ ሰበሰበች።

«ምነው?» አለቻት አበባዋ።

«አይ፣ ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ተረቴ አለቀ፤ ያልሳቀ ሳማ ይታቀፍ።