የሸጊት ሆራ

ተረት ተረት፤ «የላም በረት» በሉኝና የበደለኛዋን ስም አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በቅሎ ናት።

ሸጊት የምትባል ላም ሆዷን ባር ባር እያላት፣ ጥጃዋ ስትጠራት እንኳ መነሳት አቃታት። በቅሎ መጥታ፣ «የታለ ቁስልሽ? እኔ ጀርባዬ ተልጦ እሄድ የለም እንዴ? አንቺን የጣለሽ ጥጋብ ነው!» አለቻት።

ከሸጊት ጀርባ የማትጠፋው ወፍ ሳቢሳ ግን፣ «እሜቴ፣ ጅራትሽ ዝንብ ማባረር ትቷል፤ ታመሻል። ተነሺ፣ ሆራ እንውረድ፤ ጨዋማው ውሃ ያሽራል» አለቻት።

ሸጊት እያዘገመች ወረደች። በየቀኑ ስትጠጣ ውላ አድራ ሣሩ ጣማት፤ ጥጃዋንም ላሰች።

በቅሎ ይሄንንም ነቀፈች፦ «የወንዝ ውሃ ሞልቶ፣ ያለ ሆራ መኖር አቃተሽ? አታፍሪም?»

«አባትሽን ሲጠይቁሽ ‹እናቴ ፈረስ ናት› እያልሽ የምትደብቂ፣ የኔን ቁስል አሳዪኝ ትያለሽ?» አለቻት ሸጊት። ወደ ሳቢሳ ዞራም፣ «አንቺ ግን ሳላሳይሽ አየሽልኝ፤ ዕድሜ ይስጥሽ፣ እህቴ» አለች።

በነጋታው ሳቢሳን ጀርባዋ ላይ አስቀምጣ፣ በበቅሎ ደጅ አልፋ ሆራ ወረደች።