ክፍት ስለቀረው የጋዝ ቧንቧና ስለ መርዕድ አንዲት ቃል

የአምላክ እናት ድንግል ማርያም በጸሎቷ ከቸልተኞች እጅ ትሰውረን፤ ለአስካለ ማርያም ያደረገችውን ተአምር ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ምእመናን ሆይ፥ ስሙት እንጂ አትደሰቱበት።

በአዲስ አበባ፥ ባረጀ ቪላ ግቢ፥ ቀድሞ ወጥ ቤት የነበረ ክፍል ተከራይታ የምትኖር አስካለ ማርያም የምትባል ሴት ነበረች፤ እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና ዕለት ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ በሥዕሏ ፊት ጧፍ አብርታ ውዳሴዋን ሳትደግም እህል አትቀምስም ነበር። ባሏ መርዕድ ግማሽ አካሉ በድኖ፥ አንደበቱም ተይዞ ከተኛ አራት ዓመቱ ነበርና ልመናዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እመቤቴ ሆይ፥ አንዲት ቃል ስጪው፤ ስሜን ጠርቶ ይሰናበተኝ» ትል ነበር።

በዚያም ክፍል ግድግዳ ላይ ምድጃው ሲነሣ የቀረ የጋዝ ቧንቧ ነበረ፤ የቤቱም ባለቤት አቶ ፈለቀ ጫፉ ላይ ጨርቅና ሳሙና ወትፎበት ነበር። ከዚያም በግቢው አዲስ ሲሊንደር አቁሞ በዚያው በአሮጌው መስመር ወደ ራሱ ወጥ ቤት ጋዝ ሊያስገባ በተነሣ ጊዜ፥ አስካለ ማርያም ሦስት ጊዜ ሄዳ «አቶ ፈለቀ፥ የእኔን ቤት ቧንቧ በባለሙያ ያስደፍኑልኝ» ብላ ለመነችው፤ እርሱ ግን «ወይዘሮ አስካለ፥ ማንም የማይጠቀምበት ቧንቧ ምን ያደርግዎታል?» አላትና ሲሊንደሩን ከፈተ። ይህ ሰው በዚያው ሰሞን ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አስገብቶ ካህናቱ ቆመው መርቀውት ነበር፤ እኔም ከመራቂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

በጾመ ፍልሰታም ዝናቡ ስለ በረታ መስኮቱን ዘግታ ወደ ቅዳሴ ሄደች፤ ውታፉም ለቀቀና ጋዙ ቤቱን ሞላው። መርዕድ ሸተተው፤ ግን በምን አፉ ይጩህ? አስካለ ማርያምም በዘጠኝ ሰዓት ተመለሰች፤ ቀድሞ ታማ ከዳነች ወዲህ ሽታ አትለይም ነበርና ምንም ሳታውቅ ክብሪቱን አነሣች። እርሱም ቢያቃስት የጠማው መስሏት «ቆይ የኔ ጌታ፥ ጧፏን ላብራና ውኃ እሰጥሃለሁ» አለችው፤ እንጨቱንም ከክብሪቱ ሣጥን ጎን ባስጠጋች ጊዜ እመቤታችን የመርዕድን አንደበት ፈታችለትና «አትጫሪ!» ብሎ ጮኸ።

ክብሪቱ ከእጇ ወደቀ። «ተናገርክ! እባክህ ድገምልኝ» እያለች ስታለቅስ፥ እርሱ በዓይኑ ቧንቧውን አሳያት፤ ያን ጊዜ ሲያፏጭ ሰማችውና በሩን በርግዳ ባሏን ከነፍራሹ እየጎተተች ወደ ዝናቡ አወጣችው። አቶ ፈለቀም ሮጦ ሲሊንደሩን ዘጋ፤ ጎረቤቶችም ወጥተው «እኛንስ ከረፋዱ ጀምሮ ሸቶን ነበር» አሉ።

በማግሥቱ ባለሙያ መጥቶ የዚያን ክፍል መስመር ከመነሻው ቆረጠና በጥርሱ የሚጠብቅ የናስ ክዳን አሰረበት፤ ከዚያም ጋዝ ያፈስ እንደ ሆነ ለማየት ሲሊንደሩን ከፍቶ የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋውም አልተነፋም። ሥራው ሁሉ እኛ ለመጋረጃው ካደረስነው ምርቃት ያነሰ ጊዜ ፈጀ።

አቶ ፈለቀ «ተመስገን፥ ቤቴ ተረፈ» ብሎ ዝክር ደገሰ። አስካለ ማርያምም እመቤታችንን እያነባች አመሰገነች። መርዕድ ግን ዳግመኛ ሳይናገር በጥቅምት ዐረፈ፤ ስሟንም አልጠራም። ለስንብት የለመነቻት ቃል አንድ ክዳን ሊሠራው ለሚችለው ሥራ ዋለች፤ የነሣናትም እኛ ነን እንጂ እመቤታችን አይደለችም።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ ምልጃዋና በረከቷ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ እጃችሁ ሊሠራው የሚገባውን ለተአምር ከመተውም ትጠብቃችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።