የአናጢው ማመልከቻ

አንድ አናጢ በጠብ መሃል ጎረቤቱን ፈንክቶ ሦስት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ የወረዳው ጽሕፈት ቤት አናጢ እንደሚፈልግ ሰምቶ አመለከተ። ኃላፊው አቶ መንበሩ ማመልከቻውን በባለጉዳዮች ፊት ጮክ ብለው አነበቡና፣

«የመንግሥት ቤት እጁን ለማይሰበስብ ሰው ቦታ የለውም። ሰው የመታ እዚህ አይቀጠርም፤ ሕግ ነው» አሉት።

አናጢው አንገቱን ደፋ። ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ አላገኘም ነበር።

በዚህ መሃል የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ የሆኑ አንድ ሽማግሌ የተሳሳተ ፋይል ይዘው ገቡ። አቶ መንበሩ ብድግ ብለው ሽማግሌውን በጥፊ አጮሏቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

«እና ሕጉ ገባህ?» ሲሉ አናጢውን ጠየቁት።

«አሁን ገና ገባኝ ጌታዬ» አለ አናጢው፣ ማመልከቻውን እያጠፈ። «ለካ ሰው መምታት የሚፈቀደው ከተቀጠሩ በኋላ ኖሯል። የእኔ ጥፋት መቸኮሌ ነው።»